ከፊርማው በታች

ኮምፒዩተሩ ነቀምቴ የገባው በላንድሮቨር ተጭኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። የደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር፤ እኛ ግን ማብቂያው መሆኑን አናውቅም። የምሠራበት የቡና ልማት ፕሮጀክት ለውጭ ረጂዎች በእንግሊዝኛ ሪፖርት መላክ ነበረበት፤ ማሽኑንም የሰጡን እነሱ ናቸው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ያለው የዘር መጋዘን ተጠረገና እዚያ ተቀመጠ። የመጋዘኑ ቁልፍ ካድሬው ኪስ ውስጥ ነበር።

ካድሬው ስል የመሥሪያ ቤታችንን የፖለቲካ ኃላፊ ማለቴ ነው። ቀጠን ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። የሚያስፈራው አንዱን ጥያቄ ለሁለት ሰው ለየብቻ መጠየቁ ነው። አንተን ጠይቆህ፣ አመስግኖህ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ጓደኛህ ሲጠየቅ ትሰማለህ፤ ከዚያ የእኔ መልስና የሱ መልስ ገጠመ ወይ እያልክ ስትጨነቅ ትውላለህ።

እኔ ኪራሙ ተወልጄ ያደግኩ፣ ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ፣ ነቀምቴ ተምሬ እዚያው ሥራ የያዝኩ ወጣት ነበርኩ። አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ተልኬ ስለነበር፣ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ተባልኩ። የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም መመሪያ እንደ ጡብ የወፈረ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ከሱ ውስጥ ታይፒስቶች የሚያስፈልጋቸውን ክፍል፣ በጽሑፉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መሄጃ ቁልፎችን፣ በአማርኛ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ሲጠናቀቅ በስቴንስል ተባዝቶ ለጊምቢና ለደምቢ ዶሎ ቅርንጫፎች ሊላክ ነው፤ እነሱም ማሽን ይደርሳቸዋል ተብሏል።

የጻፍኩትን እየሞከረች የምታርመኝ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ታይፒስት ነበረች። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የምትኖር፣ እኔን ልትወልድ የምትችል የነቀምቴ ሴት ናት። ለሥራዋ ጥንቁቅ፣ ለወሬ ቁጥብ። ጠዋት ስንገናኝ «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» ትለኛለች፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለቷ ነው። እኔም «ነጋ ዳ»፣ ደህና ነኝ ብዬ፣ እትዬ እያልኩ በእርስዎ አናግራታለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም፤ ምክንያቱም እፈራት ነበር።

ወንድሟ በፖለቲካ ታስሮ ነበር። የታሳሪ እህት ሆና ግን የምስጢር ደብዳቤ የምትተይበው እሷ ናት። ወረቀት ይዛ ካድሬው ቢሮ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ትቆያለች። ይህቺ ሴት ከሥራዋ ያልተነሳችው በከንቱ አይደለም ይባል ነበር። እኔም አምኜ ነበር። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ስለ ዝናብና ስለ ቁልፎች ብቻ እናገራለሁ።

ሥራው ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ሆነ። ገና በመጀመሪያው ቀን «የታች ቀስቱን ደጋግመው ሲጫኑ ጽሑፉ ወደ ታች ይወርዳል» ብዬ ጻፍኩ። እሷ አንብባ፣ ቀስቱን ተጫነች። ጠቋሚዋ፣ የምንጽፍበትን ቦታ የምታሳየው ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ፣ እየወረደች የማሽኑ መስታወት ጠርዝ ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ መስመሮቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ መሸሽ ጀመሩ።

«ወረደ ነው የምትለው? ኧረ ወጣ!» አለች።

«እኛ ነን የወረድነው፣ እትዬ።»

«እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።»

ብዙ ተከራከርን። በታይፕ መኪና የምታንቀሳቅሰው ወረቀቱን ነው፤ የወጣው ወጣ፣ የወረደው ወረደ ነው። እዚህ ግን ወረቀት የለም። በመጨረሻ «የታች ቀስቱን ሲጫኑ ከበታች ያለው መስመር ብቅ ይላል፤ የላዩ ደግሞ ከዓይን ይሰወራል» ብዬ አስተካከልኩት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ካድሬው የገባው ይህን ስንሞክር ነው። ከኋላችን ቆሞ መስመሮቹ ሲጠፉ አየ።

«የት ገቡ?» አለኝ።

«ከላይ አሉ፣ ጓድ።»

«ከላይ የት?»

ፔጅ አፕ የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ መለስኳቸው። ፔጅ ዳውን ብዬ ደግሞ ሰወርኳቸው። እሱ የሚያየው ጽሑፉን አልነበረም፤ የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ነበር የሚመለከተው፣ ከኋላው የሆነ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«እንግዲያው» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ሰው ፊት ለፊት የቡና ሪፖርት እያሳየኝ፣ ከታች ሌላ ነገር ሊጽፍ ይችላል።»

ወደ አእምሮዬ መጥቶ የማያውቅ ነገር ነው።

በማግሥቱ ሁለት ትእዛዝ ሰጠ። አንደኛ፣ መመሪያው ውስጥ ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው እስከ ሰነዱ ጫፍ ድረስ ሄዶ የሚያይበት ክፍል ይጨመር። ሁለተኛ፣ ያለ ፈቃድ አዲስ ሰነድ መክፈት ክልክል ነው፤ ልምምድም ቢሆን በተፈቀደው ሪፖርት ላይ ብቻ ይሁን። ከዚያ ለብቻዬ ጠርቶ «ከእሷ ጋር ስለ ምን ትነጋገራላችሁ?» አለኝ።

«ስለ ቁልፎች፣ ጓድ።»

አመሰገነኝ። ከሰዓት በኋላ እሷ ወደ ቢሮው ስትገባ አየኋት።

ለተቆጣጣሪው የታዘዘውን ክፍል ጻፍኩ። ማሽኑ ላይ ኤንድ የሚል ቁልፍ አለ፤ መጨረሻ ማለት ነው። ብቻውን ሲነካ ጠቋሚዋን ያለችበት መስመር ጫፍ ላይ ያደርሳታል። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ሳይለቁ ኤንድን ሲነኩት ግን ወደ ሰነዱ ሁሉ መጨረሻ አዝልሎ ይወስዳታል። እኔ በረቂቁ የጻፍኩት «የሰነዱን መጨረሻ ለማየት ኮንትሮልን፣ ቀጥሎም ኤንድን ይጫኑ» ብዬ ነው። ሳይለቁ የሚለውን ዘነጋሁት። እትዬ ገና ያንን ገጽ አላየችም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከቃል ወደ ቃል መዝለልን እየተለማመድን ነው። ሪፖርቱ እንግሊዝኛ በመሆኑ እሷን አስቸገራት። ፊደሉን አሳምራ ትመታለች፤ ቃሉን ግን አታውቀውም፤ ጠቋሚዋ የት መቆም እንዳለባት አስቀድማ መገመት አልቻለችም። ማሽኑ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። አንድ ከሰዓት እኔ የሪፖርት ወረቀት ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ፣ ሪፖርቱን የሚፈርመው የፕሮጀክት ኃላፊያችን ፊርማ ከሚያርፍበት መስመር ወርዳ፣ ብዙ ባዶ መስመር ትታ፣ አንድ ነገር እየጻፈች አገኘኋት። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። አካም ቡልቴ። አካም ኦልቴ። የገበያ ቀን ስሞች፣ የጤፍና የቡና ስም። ኦሮምኛ ነበር፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ።

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ያኔ ኦሮምኛ በመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በላቲን መጻፍ የጫካዎቹ ሸማቂዎች ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ በዚህ ሰበብ ሰው ታሰረ ሲባል እንሰማለን።

«እትዬ፣ ይህ ምንድነው?»

«መለማመጃ ነዋ። አሁን ቃሉ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ተመልከት።» ቁልፉን ነካች፤ ጠቋሚዋ ከቃል ቃል ዘለለች። እውነትም አንዴም አልተሳሳተችም።

«ይጥፋ» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። «ሰላምታ እኮ ነው።»

«ቢሆንም ይጥፋ።»

እሺ ከማለቷ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ከመጥፋቱ በፊት ዲስኬቱ ላይ አስቀምጣው እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ካላስቀመጠችው ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል፣ ካስቀመጠችው ግን እዚያው አለ። መንገድ ላይ ስሄድ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ልትፈትነኝ ቢሆንስ? ዝም ብል ተባባሪ እባላለሁ። ብናገርና የዋህ ብትሆን ደግሞ እሷን ገደል ከተትኳት። ካድሬው ቢሮ ደጃፍ ደርሼ ጫማዬን የማስር መስዬ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ገና ወንበሬ ሳይሞቅ ተጠራሁ።

«ያ ማሽን» አለ ካድሬው፣ «ከእንግሊዝኛ ሌላ ምን ቋንቋ ይጽፋል?»

ተናግራለች፤ አለቀ አልኩ በልቤ። «ፊደሉ የእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ጓድ።»

«ስለ ፊደሉ አልጠየቅኩህም።» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ረቂቅህን ያዝና እንሂድ። እሷንም ጥራት።»

ሦስታችን መጋዘኑ ገባን። ማሽኑ ተከፈተ። እትዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ሪፖርቱን እንድታመጣ አዘዛት፤ አመጣች። ከዚያ አስነሳትና ራሱ ተቀመጠ። ረቂቄን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ፔጅ ዳውንን እየነካ፣ እየቆመ፣ እያነበበ ወረደ። የችግኝ ሠንጠረዥ አለፈ፤ የማዳበሪያው ወሬ አለፈ። የኃላፊያችን ስምና ፊርማ የሚያርፍበት መስመር መጣ። ከሱ በታች መስታወቱ ባዶ ነው።

ወደ እትዬ አየሁ። አላየችኝም። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። ጽሑፉ ሳይጠፋ ከታች እንዳለ ያን ጊዜ አወቅኩ። ደግሞም እሷ እንዳልተናገረች ገመትኩ፤ አሳልፎ የሰጠ ሰው እንዲያ አይጨብጥም።

ካድሬው አላመነም። ጣቱን እያስኬደ ለተቆጣጣሪው የጻፍኩትን ክፍል አገኘና ጮክ ብሎ አነበበው። «የሰነዱን መጨረሻ ለማየት ኮንትሮልን፣ ቀጥሎም ኤንድን ይጫኑ።» ኮንትሮልን ተጫነ። ለቀቀው። ቀጥሎ ኤንድን ተጫነ።

ጠቋሚዋ በፊርማው መስመር ጫፍ ላይ ቆመች።

በነጠላ ሰረዝ ስትጣላኝ የከረመችው ሴት ከጎኔ ቆማለች። ስህተቱን እንዳየች አውቃለሁ፤ ትንፋሿ ሲቆም ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አልወጣኝም።

«ከዚህ በታች ሌላ ቢኖር» አለ ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህ ቁልፍ ይወስደኝ ነበር?»

«ኮንትሮልና ኤንድ ይወስዳሉ፣ ጓድ» አልኩ።

ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?» እንደ ልማዱ ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ባለንበት ጠየቀ።

«መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች።

ጣቱ ፔጅ ዳውን ላይ ትንሽ አረፈ። ከዚያ አነሳው። ረቂቁን አጥፎ ሰጠኝና «ግልጽ አድርገህ ጽፈኸዋል። በራሴ እጅ ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ቃል ሳይቀየር ይባዛ» ብሎ ወጣ። ኮቴው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ አልተንቀሳቀስንም።

ቀድማ የተቀመጠችው እሷ ናት። ኮንትሮልን በግራ እጇ ይዛ፣ ሳትለቅ ኤንድን ነካች። የጻፈችው ሁሉ ብቅ አለ። ከሥሩ ጀምራ አንድ ፊደል ሳይቀር እያጠፋች ወጣች፤ ባዶ መስመሮቹን ጭምር። ዲስኬቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ስለ አንተ ጠይቆኛል» አለች ወደ እኔ ሳትዞር።

«ምን አሉት?»

«ሥራውን ይሠራል አልኩት።»

«ስለ እርስዎም እኔን ጠይቆኛል።»

«አውቃለሁ። ምን እንዳልክ አልጠይቅህም።»

መመሪያው ከነስህተቱ ተባዛ። ስቴንስሉን የቆረጠችው ራሷ ናት፤ አንድ ቃል አልቀየረችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከጊምቢ ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ ስልክ ደወለ። መስመሩ ይንጫጫል፤ ሰውዬው ይጮሃል። ኤንዱ የትም አይወስድም፣ ማሽናችን ተበላሽቷል መሰለኝ ይላል። «ኮንትሮሉን ሳትለቅ ነካው» አልኩት።

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልተጻፈም?»

«የትየባ ስህተት ነው።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ እትዬ በሳቅ ፈነዳች። እንዲያ ስትስቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መንግሥት ሲወድቅ ካድሬው አንድ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ። የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞት ሄዶ ኖሮ በሩ ተሰበረ። እሷ ጡረታ ወጥታ ጊምቢ ልጇ ጋ ገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀምቴ መናኸሪያ ተገናኘን። ተሳሳምን፤ ስለ ወንድሟ ጠየቅኳት፤ ተፈትቶ እርሻ ላይ ነው አለችኝ። ዕቃዋን ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋት፤ ሲከነክነኝ የኖረውን ጥያቄም አነሳሁት።

«እትዬ፣ ስለዚያ ጽሑፍ ለካድሬው ማን ነበር የነገረው?»

«እኔም አላውቅም። እስከዚያች ጠዋት ድረስ አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ዘንቢሏን ከእጄ ተቀበለች። «ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ» አለችና፣ ደረጃውን ይዛ ወጣች።