አደይና መጭ

የመኪና መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ላሊበላ፣ አንድ ማደሪያ ቤት፣ ከእኛ ከመንገደኞቹ ጋር የቀረች ሴት አለች። ስሟን አልነገረችንም። በየጠዋቱ የጫማዋን ክር አጥብቃ ታስራለች፤ ከበረንዳው ግን አትወርድም። እዚያው ተቀምጣ ሁለት ቢጫ አበቦች፣ አደይንና መጭን፣ ጎን ለጎን ታስተኛለች። ለእኔ አንድ ናቸው። እሷ የእያንዳንዱን ቅጠል በማስመሪያ ትለካለች።

«ምናቸውን ነው የምታነጻጽሪው?» አልኳት።

«መጭ ብዙ አገር ይበቅላል። ይቺ አደይ ግን ከእኛ ደጋ ወጥታ አታውቅም። አበባዋ በምን እንደሚለይ ነው የማየው።»

«ለምንድን ነው የማትወጣው?»

«እሱን አበባዋ ላይ አላገኘሁትም።»

ገበያተኞች ከብልባላ አህያ እየነዱ በደጃፉ ሲያልፉ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስባለች፤ ርቀው እስኪሄዱም ቀና አትልም።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ እንግጫ የሚባለውን ሣር አጭደው በረንዳው ላይ አኖሩ። ሴትየዋ ከእኛ ጋር እያወራች፣ እጇን ሳታየው፣ የተለካውን አደይ ከሣሩ ጋር ትጎነጉን ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው ጉንጉኑን አዩት። ቀና ብለውም፣

«ልጄ፣ እንዲህ አድርገው የሚጎነጉኑት የብልባላ ልጆች ናቸው። የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው፣ እትዬ።»

ይህን ብላ ጉንጉኑን ልትፈታ ታገለች። እንደ አገሩ ልጅ አጥብቃ ጎንጉናዋለችና እምቢ አላት።