ሙት አስነሺውና አልጠፋ ያለው ሞተር

በሰፈራችን መኪና አልነሳ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ቀጥሎ ጎማውን ይረግጣል፣ በመጨረሻ ሙት አስነሺውን ይጠራል። አስተዋይ ሰው ቢሆን ከመጨረሻው ይጀምር ነበር፤ ግን አስተዋይ ሰው የኛን ሰፈር መኪና መቼ ይገዛና።

ሙት አስነሺው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ጋራዡ ከካፌያችን ፊት ለፊት ያለች፣ አንድ መኪና ተኩል የምትይዝ ክፍል ናት፤ ሁለተኛው መኪና ሁልጊዜ ኋላውን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚታከመው። ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተጠቀለለ ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ የሞተር ማስነሻ ሞተሪኖዎች ተጋድመዋል፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ማንም መጥቶ ያልወሰዳቸው ባትሪዎች እንደ ጡረተኛ ተደርድረው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ሰውየው ራሱ ረጅምና ቀጭን ነው። ክንዱ ከሰው ሁሉ ክንድ ስንዝር ይተርፋል፤ ኮፈን ከፍቶ እጁን ሲሰድ በኋላ መብራት በኩል ብቅ ይላል የሚሉ አሉ። ይሄ ማጋነን ነው። እስከ ማርሹ ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ዝናውን ያተረፈው በአንድ ትርኢት ነው። ዲናሞ ጠግኖ ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳና፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንጭቆ ይነቅለዋል። ሞተሩ አይጠፋም። ገመዱን እንደ ተያዘ እባብ ወደ ላይ ያነሳና ለባለመኪናውም፣ ለመንገደኛውም፣ በረንዳ ላይ ለተቀመጥነው ሁሉ ያስረዳል፦ ባትሪ የሚያስፈልገው ለመነሳት ነው፤ ከተነሱ በኋላ የሚያኖረው ዲናሞ ነው። ሌሎች መካኒኮች ይሄ ነገር ዕቃ ያቃጥላል እያሉ ይቆጡታል። እኛ ግን እናጨበጭባለን። ትርኢቱን ከመልመዳችን የተነሳ፣ ባትሪ ተነቅሎ ሞተር ሳይጠፋ ሲቀር ሳናስበው እጃችን ራሱ ያጨበጭባል። አንድ ቀን አስተናጋጁ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ እንደያዘ አጨብጭቦ ካፌው ለሳምንት በላስቲክ ኩባያ አስተናግዶናል።

ሚስቱ ቀስ በል ትባላለች። መኪና መንዳት ታስተምራለች። ከባሏ ብብት በታች የምትቀር አጭር ሴት ናት፤ ድምጿ ግን የከባድ መኪና ክላክስ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከሹፌር ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን ለአሰልጣኝ ተብሎ በተገጠመው ሁለተኛ ፍሬን ላይ አድርጋ፣ ቀስ በል ስትል ኖራለች። ከከተማው ሹፌር ግማሹን ያስተማረችው እሷ ናት፤ የቀረው ግማሽ እሷን ፈርቶ ሌላ ቦታ የተማረ ነው። በተለይ በመቆም ላይ ቀልድ አታውቅም። ተማሪው የማቆሚያ ምልክት ጋ ደርሶ ጎማው ጥፍር ታህል እንኳ ከተንቀሳቀሰ መንገዱን ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። «ቁም ማለት ጎማህ ሞቷል ማለት ነው» ትላለች። «ሊቆም ትንሽ ቀረው የሚባል መቆም የለም።»

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ ቀን እራት ላይ መወዳደር እፈልጋለሁ ያለችው። የመኪና ክለቡ ከከተማው ዳር ባለው በተተወ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ በየዓመቱ የአሮጌ መኪናዎች ውድድር ያካሂዳል። ሜዳው ለሕንፃ ተሰጥቷል፤ የዘንድሮው የመጨረሻው ነው። የሙት አስነሺው ማንኪያ አፉ ደጃፍ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የረገጥኩት ፍሬን ነው» አለችው። «ነዳጅ ሲረገጥ ምን እንደሚመስል ሳላይ ልሙት?»

ሊያሾፍ አፉን አዘጋጅቶ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ የሚያሾፍበት ጠፋው። በማግስቱ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቶ ከግቢው ጥግ የአሮጊቷን ሸራ ገፈፈ። አሮጊቷ የምንላት ቀስ በል የምትሠራበት ማሠልጠኛ በዕድሜ ብዛት ያሰናበታትን የማስተማሪያ መኪና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሥራ ፈታ። ብየዳ ሠራተኛው ጎረቤት ብትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ በውስጧ የብረት ቀፎ ሠራላት፣ ወንበሮቿ ወጡ፣ አራት ማሰሪያ ያለው ቀበቶ ገባላት። ሁለተኛው ፍሬን ሲነቀል ቀስ በል ፊቷን አዞረች። የገዛ እግሯን የቆረጡባት ነበር የሚመስለው።

ከዚያ የክለቡ ደንብ መጣ። ተወዳዳሪ መኪና ሁሉ የአደጋ ጊዜ የባትሪ ማጥፊያ ይኑረው ይላል፤ በቀበቶ የታሰረ ሹፌርም ይድረስበት፣ ከውጭ የሚሮጥ ሰውም ይድረስበት፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር ያጥፋ። ሙት አስነሺው ካፌ መጥቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የሰው ልጅ እኔ ጋ የሚመጣው መኪናው እየጠፋበት ነው፣ አሁን ደግሞ እንድትጠፋ ልሥራ አለ። ቤት ገብቶም ይህንኑ ደገመው። ሚስቱ አልሳቀችም።

«ተገልብጬ ቤንዚን እየፈሰሰ አንተ ሮጠህ እስክትደርስ አልጠብቅም» አለችው።

ሳቁ እዚያው ደረቀ። ከዚያ በኋላ ማጥፊያውን ገዝቶ የገጠመው የሚስቱን ልብ እንደሚሰፋ ሰው ነው።

ማጥፊያው ጡጫ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው፤ ፊቱ ላይ ቀይ መዘውር፣ ጀርባው ላይ ሁለት ወፍራም ብሎኖችና አራት ትንንሽ እግሮች አሉት። ከባትሪው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች ከሁለቱ ብሎኖች ጋር እስኪያልበው አጠበቃቸው። ትንንሾቹን እግሮች አየና ፋብሪካው ብረት ተርፎት ነው አለ። አብራ የመጣችውን ነጭ የሸክላ ሬዚስታንስ ታምራለች ብሎ የቁልፍ መያዣ አደረጋት። ማጥፊያውን ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ በራሱ ክንድ ለክቶ ገጠመና ሚስቱን ቀበቶ አስሮ ሞክሪው አላት። ተንጠራራች፣ ቃተተች፣ የጣቷ ጫፍ መንገዱን አጋምሶ ቀረ።

«ይሄ የተገጠመው ለኔ ነው ለቀጭኔ?» አለችው።

ነቅሎ ከማርሹ አጠገብ አስጠጋላት። ለውጭ ሰው ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር በሽቦ የሚሳብ ቀይ እጀታ አወጣ፣ አጠገቡም መብረቅ የተሳለበትን ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ለጠፈ። ከዚያ ሞከረው። መዘውሩን አዞረ፤ መብራቱ ጠፋ፣ ክላክሱ ተዘጋ፣ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሪኖው ትንፍሽ አላለም። ሞታለች ብሎ ፈረመ። በሱ ሙያ የሞተች መኪና ማለት አልነሳ ያለች መኪና ናት፤ የተነሳችን መኪና ስለ መግደል በሕይወቱ አስቦ አያውቅም።

የውድድሩ ቀን ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። የአውሮፕላን ሜዳው አስፋልት በጠዋቱ ፀሐይ ይፋጃል፣ የላስቲክና የቤንዚን ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ሞተሮቹ ሲያገሱ ደረት ውስጥ ሁለተኛ ልብ የተጨመረ ይመስላል። ቀስ በል ሄልሜቷን አድርጋ አሮጊቷ ውስጥ ስትታሰር ከመስኮቱ በላይ የሚታየው ሄልሜቱ ብቻ ነበር። እግሯ ግን ነዳጁ ላይ ነው፤ ገና ሳይጀመር ይደንሳል።

የክለቡ የመኪና መርማሪ መጣ። ነጭ ቱታ የለበሰ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። ያስተማረችው እሷ ናት፤ መቆም አልቻልክም እያለች አራት ጊዜ የጣለችውም እሷው። መምህርት ብሎ እጅ ነሳት፣ ቀበቶዋን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ፣ እሳት ማጥፊያዋን አየ። ከዚያ ሞተሩን እንድታስነሳ ጠየቃትና የውጩን ቀይ እጀታ ሳበ።

ሞተሩ አልጠፋም።

መለሰና እንደገና ሳበ። ሞተሩ እንዲያውም ደስ ብሎት አንጎራጎረ። ይሄኔ ለተመልካች ከተወጠረው ገመድ ጀርባ የቆምነው የሰፈሩ ሰዎች፣ ባትሪ ተቆርጦ ሞተር ሳይጠፋ ስናይ እጃችን ራሱ ተነሳና ሜዳውን በጭብጨባ አናወጥነው። አንዱማ በጣቱ አፏጨ።

መርማሪው ላብ አጠመቀው። «መምህርት፣ ቁም ማለት ጎማህ ሞቷል ማለት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አላት። «ይሄ አልሞተም። ላሳልፍዎት አልችልም።»

ትጮህበታለች ብለን ጆሯችንን ያዝን። እሷ ግን አልጮኸችም። ትክክል ነህ አለችው፤ ቀጥላ ባሏን አየችው። እሱ እስካሁን የምናጨበጭበውን እኛን እያየ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዲናሞው» አለ።

«ገመድ እየነቀልክ ለአገር ስታሳይ የኖርከው እኮ ይሄንኑ ነው» አለችው።

መርማሪው መኪናዎቹ ተሰልፈው እስኪያልቁ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ መዝገቡን እዘጋለሁ አለ። ሰልፉ ከግማሽ አልፏል። ሙት አስነሺው ኪሱን ዳበሰ፤ ፒንሳና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አለ፣ ሽቦ የለም። እየሮጠ የራሱን መኪና ኮፈን ከፈተና የክላክሱን ሽቦ ከነሥሩ ጎትቶ አወጣው። መኪናው እስከ ዛሬ ድምፅ የለውም፤ መንገድ ልቀቁ ሲል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል።

ቀስ በል ከመኪናው አልወርድም አለች። ስለዚህ ባሏ በጉልበቶቿ መካከል አልፎ ክሩስኮቱ ሥር ገባ፤ ውጭ የቀረው እግሩ ብቻ ነበር፣ እሱም ብዙ ነው። ከቁልፉ ተነስቶ ለካንዴላዎቹ ኮረንቲ የሚወስደውን ሽቦ ቆረጠና ከማጥፊያው አራት ትንንሽ እግሮች ከሁለቱ ጋር አሰረው። ማጥፊያው ሲዞር አሁን ከባትሪው ጋር ካንዴላዎቹም ይራባሉ፤ ዲናሞው የፈለገውን ያህል ቢያመነጭ የሚበላለት የለም። የቀሩት ሁለቱ እግሮች ደግሞ ዲናሞው በድንገት ሲቆረጥበት የሚያገነፍለውን ኃይል ማፍሰሻ ናቸው። የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አውጥቶ ነጯን ሬዚስታንስ በጥርሱ ፈልቅቆ እዚያ አገባት።

ከውጭ የምንሰማው ትንፋሹን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መኪናዎች ወደ ሰልፉ እየተጠጉ ነው፣ መርማሪው ፊሽካውን በእጁ ይዟል። ከሚስቱ አፍ የሚወጣውን ቃል ሁላችንም አውቀነዋል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን አጎንብሳ በጆሮው ያለችው ሌላ ነው።

«ፍጠን» አለችው።

ክሩስኮቱ ሥር እጁ ለአፍታ ቆመ፤ የሰማውን አላመነም። ከዚያ እጥፍ ፈጠነ።

ናስትሮውን ጠቅልሎ ሲወጣ ግንባሩ ጥቁር ነው። አስነሺ አላት። አሮጊቷ ተነሳች። ቀስ በል ቀበቶዋ እንደታሰረ እጇን ዘርግታ ቀዩን መዘውር አዞረች። ሞተሩ አንዴ እንኳ አላቃሰተም፣ አንዴ እንኳ አልተነፈሰም፤ ጸጥ። እንደገና አስነስታ መርማሪው ከውጭ እጀታውን ሳበ። አሁንም ጸጥ፤ አሮጊቷ ከነመብራቷ፣ ከነመለኪያ መርፌዎቿ ሞተች። እኛ ምን እንደምናደርግ ግራ ገባን፤ እንዲህ ያለ ትርኢት አልለመድንም። ብቻውን ያጨበጨበው ሙት አስነሺው ነው፤ ያን ሁሉ ሬሳ ያስነሳ ሰው አንድ ስለገደለ እንደ ሕፃን እየዘለለ።

መርማሪው የማለፊያውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈና ጎንበስ ብሎ «ሞቷል፣ መምህርት፣ ሙሉ በሙሉ ሞቷል» አለ። ከዚያ አሮጊቷ ከሰልፉ ጭራ ላይ ገባች። ፊሽካው ሲነፋ ያንን ያህል ጢስ ከአንዲት መኪና ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። የምትዞረው በሌሎቹ መካከል እንደ ተተኮሰ ድስት ክዳን ነበር፤ በየመታጠፊያው ሁለት ጎማ አየር ላይ ነው። ሙት አስነሺው ሩጫውን በሙሉ ሲያይ ቀኝ እጁ እዚያው ቀይ እጀታ ላይ እንዳለ ሁሉ ጣቶቹ ተጨብጠው ነበር።

በሰፈሩ ወሬ አንደኛ ወጥታለች። በክለቡ ሰሌዳ ሰባተኛ ነች፤ ሰሌዳው ግን በረንዳችን ላይ አልተቀመጠም።

ጨርሳ ስትመለስ ባሏ ከቆመበት ፊት ለፊት አመጣቻትና አቆመቻት፤ ጎማዎቿ ጥፍር ታህል አልተንቀሳቀሱም። ቁልፉን አልነካችም። እጇን ዘርግታ ቀዩን መዘውር አዞረች፣ አሮጊቷም ጸጥ አለች። ሄልሜቷን አውልቃ፣ ፀጉሯ በላብ ተጣብቆ፣ ፊቷ እንደ ሎሚ እያበራ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ነዳጁ ለካ ያን ሁሉ ዓመት እዚሁ ፍሬኑ አጠገብ ነበር።»