ዳኛው ጽፈው እስኪጨርሱ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህን የምጽፈው ጻፍ ተብዬ እንጂ ደፍሬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እኔ አንድ መስመር ስጽፍ ሌላ ሰው ገጽ ይጨርሳል። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ግን “አዲስ ለሚመጡት ጠበቆች ይጠቅማል፤ አንተ ያየኸውን ማን አየ?” ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችልኝ። ስህተት ካለበት የኔ ነው፤ እሷን አትውቀሱ።

ሥራዬ መዝገብ ማመላለስ ነው። ከመዝገብ ቤት ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ መዝገብ ቤት። ችሎት ውስጥ የምቀመጠው ከዳኛው ጠረጴዛ ጎን በርጩማ ላይ ነው፤ የጨረሱትን መዝገብ እንድቀበል። የኛ ዳኛ የምስክር ቃል በእጃቸው ነው የሚጽፉት። ጽሕፈታቸው ለተማረውም ያስቸግራል፤ ለኔማ ተዉት። ስለዚህ እኔ የማየው ቃሉን ሳይሆን እስክሪብቶውን ነው። ሲሄድ፣ ሲቸኩል፣ ሲያርፍ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ጠበቃ ነው። ጓደኞቿ “መትረየሷ” ይሏታል። ጥያቄ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ሕጉን እንደ ስሟ ነው የምታውቀው። ከችሎት ውጭ ስታገኟት ደግሞ ሳቂታ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ዳኛ ፊት ስትቆም ነው መትረየስ የምትሆነው።

አምና አንዲት የቤት ሠራተኛ ሰው ገፍትረሽ ጥለሻል ተብላ ተከሳ፣ ይህችው ጠበቃ ቆማላት ነበር። ጎረቤቷ ልትመሰክርላት ቀርባ “ኧረ ያን ሰዓት እኔ ቤት ነበረች!” አለች። ጠበቃዋ ደስ አላትና ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተኮሰች። ዳኛው ገና የፊተኛውን መልስ እየጻፉ ነበር። እስክሪብቶው ያቺን ቃል ዘሎ ወደሚቀጥለው ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። የፍርዱ ቀን “ምስክሯ ተከሳሿ የት እንደነበረች አልገለጸችም” ተብሎ ተነበበ። ጠበቃዋ ብድግ ብላ “ተናግራለች!” አለች። ዳኛው ገጹን ገልጠው አዩና “እዚህ የለም” አሉ። የቤት ሠራተኛዋ ስድስት ወር ታስራ ወጣች። እኔ ምንም አልተናገርኩም። መዝገብ የሚሸከም ሰው በችሎት ምን አፍ አለው ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠበቃዋ ከሳች። እንቅልፍ የለም። ቀጠሮ ያላት ቀን መጀመሪያ የምትገባው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ባልደረቦቿ “ተረጋጊ እንጂ” ይሏታል። ተረጋጋ የተባለ ሰው ሲረጋጋ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን የአንድ አውቶቡስ ሹፌር መዝገብ ልታይ መጣች። በሩን ሳይዘጋ መኪናውን አንቀሳቅሶ ተሳፋሪ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል የሚል ክስ ነው። ከተፈረደበት እስር ቤት ይገባል፤ መንጃ ፈቃዱም ይወሰዳል። ለእሱ ያለው ምስክር ፌርማታው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው” አለችኝ። “ዳኛው ጠልተውኛል። ይሄን ልጨርስና የጥብቅና ፈቃዴን እመልሳለሁ።”

“እርስዎ...” ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

“አንቺ በለኝ፤ እርስዎ ስትለኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል።”

“ዳኛው አልጠሉሽም። እጃቸው ነው ያልደረሰብሽ።”

“ምን ማለት ነው?”

አምና ያየሁትን ነገርኳት። ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

“ለምን ያኔ አልነገርከኝም?”

“ፈራሁ።”

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እኔስ የምሮጠው ለምን ይመስልሃል? ዝም ካልኩ የምለው የጠፋኝ ይመስላቸዋል ብዬ እኮ ነው።”

“እኔ ዕድሜ ልኬን ዝም ብያለሁ፤ እስካሁን ማንም አልደበደበኝም” አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው!

“ቀስ በይ ይሉኛል። ቀስ ማለት ምን ያህል ነው?”

እዚህ ላይ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። “በኔ እጅ ተለማመጂ” አልኳት። “የኔን እጅ ከጠበቅሽ የማንንም እጅ ትጠብቂያለሽ።”

በየቀኑ ምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ተገናኘን። ኃላፊያችን ልብስ ሰፊው ሆነች፤ እኔ ዳኛው። መልሱን ጽፌ እስክሪብቶዬን እስካላስቀመጥኩ ድረስ ጠበቃዋ ሁለተኛ ጥያቄ አትጠይቅም። የመጀመሪያው ቀን ልትፈነዳ ደረሰች።

“ጋሼ በናትህ፣ ‘በሩ’ ሁለት ፊደል ናት!”

“ዳኛ አይጣደፍም።”

“ዳኛው ደግሞ ምላሱን ያወጣል” አለች ኃላፊያችን። እውነቷን ነው፤ ስጽፍ ምላሴ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ዝምታው ውስጥ የምትሠራው ሥራ አገኘች። እኔ ስጽፍ ሁለቱንም እግሯን መሬት ላይ አደላድላ ታሳርፋለች፣ ትንፋሿን ትለቃለች፣ ምስክሩን ታያለች፣ ከዚያ እጄን። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሳናስበው ጥያቄዋ ራሱ አጠረ። ሦስት ነገር ባንዴ ከጠየቀች መልሱ ይረዝማል፤ መልሱ ከረዘመ የኔ እጅ አያልቅም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ነገር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ልብስ ሰፊው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቆመ።

“አውቶቡሱ ሲነሳ በሩ እንዴት ነበር?”

“ዝግ ነበር።”

እስክሪብቶው ሄደ። ጠበቃዋ ቆመች፣ አልተነቃነቀችም። እስክሪብቶው አረፈ።

“ማን ከፈተው?”

“ሰውዬው ራሱ፣ በእጁ ገፍቶ። ፌርማታው አልፎት ነው መሰለኝ።”

እስክሪብቶው ሄደ። ችሎቱ ጸጥ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ሰዓቱን አየ። ሹፌሩ፣ ጠበቃዬ ጠፋባት ብሎ ነው መሰለኝ፣ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ዳኛው ቀና ብለው “ጨረሱ?” አሏት።

“አልጨረስኩም፤ እየጻፉ ስለሆነ ነው ክቡር ፍርድ ቤት።”

ዳኛው አዩዋትና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ተመልሰው ያንኑ ቃል እስከ መጨረሻው ጻፉ። ተረጋግተው ሲጽፉ እጃቸው እንዴት እንደሚያምር!

ዐቃቤ ሕጉ ብዙ ጠየቀ፤ ልብስ ሰፊው ቃሉን አልለወጠም። ጠበቃዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሳች። አፏን ከፈተች። የድሮዋ መትረየስ ብትሆን ያለቀውን ነገር ደግማ ጠይቃ ታበላሸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን እስክሪብቶ አየችና “ጥያቄ የለኝም” ብላ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። የልብስ ሰፊው ቃል አንድም ሳይጎድል ተነበበ። “በነጻ ይሰናበት” ሲባል ሹፌሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ “እህቴ፣ ዝም ስትዪ እኮ ልሞት ነበር!” አላት።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ባልደረባዋ “መትረየሷ፣ ዛሬ ጥይት አለቀብሽ እንዴ?” ብሎ ነካካት።

“አላለቀብኝም። ዛሬ ዓልሜ ተኮስኩ” አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች፤ ፈቃድ መመለሱን አላነሳችውም። ኮሪደሩ ላይ ጠበቃ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ መጥሪያቸውን አገላብጠው እያዩ ነበር። አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና “አባባ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ” አለቻቸው። ሽማግሌው ነገራቸውን ከሩቅ ጀመሩት። እኔ መዝገብ ተሸክሜ አራት ጊዜ ወጥቼ ስገባ፣ እሷ ገና ታዳምጣቸው ነበር።