ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል

ከባሕር ዳር የወጣሁበት ምሽት ሐይቁ ተኝቶ ነበር። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ የጣና ዳር ሰው ያውቀዋል፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃውና ሰማዩ የሚለዩበት መስመር ይጠፋል። አባቴ ከኋላ ቆመው ሽመሉን ይገፋሉ፣ እኔ ታንኳዋ አፍ ላይ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ታንኳዋን ያሰሯት ራሳቸው ናቸው። እኛ ወይጦዎች ነን፤ ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭደን፣ አድርቀን፣ ታንኳ አስረን ነው የኖርነው። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣች ቀስ በቀስ ትከብዳለች። የዘጌን ጫካ ስናልፍ እስከ ወገቤ ርሻለሁ፤ ሕልም ውስጥ ያለሁ ስለመሰለኝ ግን ብርዱ አልተሰማኝም።

ያስሸሸኝ ውትድርና ነው። ቀበሌው በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቷል። በዚያው ስብሰባ ሌላም ነገር ተወሰነ፤ መንደራችን ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ከሰባታሚት ወዲያ፣ ደንገል ወደማይበቅልበት ደረቅ መሬት እንዲዛወር። ሊቀ መንበሩ "ተቃውሞ ያለው?" ብሎ ጠየቀ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ማን ይናገራል? አባቴ መሬት መሬት አዩ።

"ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል" አለ ሊቀ መንበሩ። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።"

አጨበጨብን።

ጎርጎራ ስንደርስ አባቴ ታንኳዋን እንድትደርቅ ፀሐይ ላይ አቆሟት። ከዚያ በኋላ እኔ በእግሬ ወደ መተማ፣ እሳቸው ወደ ቤት ነን። ይመርቁኛል ብዬ ጎንበስ ስል፣ "ያን ዕለት ስብሰባው ላይ እኔኮ እሺ አላልሁም" አሉኝ። ሌላ ስንብት አልነበረንም።

የሱዳኑን ሐሩር ሌላው ስደተኛ ስለነገራችሁ እኔ አልደግመውም። የካርቱሙን የስደተኞች ቢሮ ግን ልንገራችሁ። ሹሙ ወረቀቱን እያየ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

"ካናዳ የሚቀበሉህ ሰዎች ተገኝተዋል።"

"እነማን ናቸው?"

"የጓዶች ማኅበር።"

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ።

"ወዴት ነው?"

"ጓድ ሸሽቼ ነው የመጣሁት። እዚያም ጓድ ካለ እዚሁ ልቅር።"

ሹሙ ምን እንዳልሁ አስተርጓሚውን ጠየቀ። "ሃይማኖተኞች ናቸው፣ ጠመንጃ አይነኩም በለው" አለ።

"ጠመንጃ የማይነካ ጓድ የት አለ?" አልሁ።

አስተርጓሚው ጢሙን አሸት አሸት አድርጎ፣ "እንግዲያው ወዳጆች ልበልህ" አለኝ። ኩዌከር የሚሏቸው ክርስቲያኖች እነሱ ኖረዋል።

ካናዳ ውስጥ ያሳረፉኝ ትንሽ ከተማ ሐይቅ አላት። በመጀመሪያው ክረምት ከእንቅልፌ ስነሣ ሰዎች በውሃው ላይ ይራመዳሉ። ውሃው ድንጋይ ሆኗል። እዚህ አገር ታንኳ ሠሪ ምን ይሠራል ብዬ መስኮቱ ሥር አለቀስሁ። ዓሣውም ራሱን ተቆርጦ በካርቶን ነው የሚሸጠው፤ አምባዛ ይሁን ሌላ፣ ፊቱን አይታችሁ አትለዩትም። አከራዬ ደግሞ መስኮት ትከፍታለህ እያለ ይቆጣል።

"ማሞቂያው ለውጭ ነው እንዴ የሚነደው?"

"ሐይቁን ልስማ ብዬ ነው።"

"ሐይቁ በረዶ ነው። ድምፅ የለውም።"

"እሱን ነው የምሰማው" አልሁት፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ፈራኝ መሰለኝ።

ወዳጆቹ እሁድ እሁድ ወንበር ክብ አድርገው ይቀመጣሉ። ቄስ የለ፣ መዝሙር የለ፣ ዝም ብቻ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሃይማኖትህን ለውጥ ያለኝ የለም። በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣና ላይ እንሳፈፋለሁ።

አንድ ቀን ከዝምታው በኋላ ጉዳይ ቀረበ። በዚህ አገር ነጮቹ ሳይመጡ በፊት የነበሩ ነባር ሕዝቦች አሉ። የእነሱ ሐይቅ ዳር ለመዝናኛ ቤት ተፈልጓል፣ በረዶው ሲቀልጥ የቁፋሮ መኪና ይገባል። ሽማግሌያቸው መጥቶ፣ "እኛ መንገዱ ላይ ልንቀመጥ ነው። አብራችሁን ተቀመጡ" አለ። ስብሰባውን የሚመሩት ወይዘሮ ሩት የሚባሉ አሮጊት "እንሂድ ወይ?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ።

ክፍሉ ራቀብኝ፤ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ከጆሮዬ ሥር መጣ። አሁን ሊቆጥሩኝ ነው አልሁ። ሳላስበው ብድግ ብዬ "ኖ" አልሁ።

ወይዘሮ ሩት ብዕራቸውን አስቀመጡ። "የአንድ ወዳጃችን ልብ አልተቀበለውም። ለሚመጣው ወር እናቆየው" አሉ። ክርክር የለ፣ ድምፅ ቆጠራ የለ፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ አይወስኑም ኖሯል። አብዮት ጠባቂ ስጠብቅ ሻይ መጣልኝ።

"ሰይድ፣ ያልተዋጠልህ ምኑ ነው?" አሉኝ ወይዘሮ ሩት አጠገቤ ቁጭ ብለው።

"ምንም። መሄዱን እወደዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይሆንም አልህ?"

"ይሰማ እንደሆነ ልይ ብዬ።"

የአባቴን ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኋቸው። የነባሮቹ ሽማግሌ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "እኛ ስንት ዘመን አይሆንም ብለናል፤ አንድ ወር ቀርቶ ሻይ እስኪፈላ የጠበቀን የለም" አለ። ሳቁን ሲጨርስ እጄን ያዘኝ።

በተከታዩ ወር በአፌ እሺ አልሁ። በረዶው ሲቀልጥ ጭቃው ላይ ከነባሮቹ ጋር ተቀመጥን። የቁፋሮ መኪናው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ሲያየን ዋለና መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ለጊዜው ነው ተባልን። እኔ ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የተቀመጥሁት የአባቴ ደጅ ላይ መስሎኝ ነበር።

ያንን ደስታ ይዤ ነው በአንድ የወረታ ነጋዴ በኩል መልእክት ልኬ አባቴን ባሕር ዳር ቴሌ ያስጠራኋቸው።

"አባ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ። እዛ ያለህበት ሐይቅ አለ?"

"አለ። በክረምት ይጠጥራል፣ ሰው ይሄድበታል።"

"ዓሣውሳ?"

"ከሥር ይኖራል።"

"ብርቱ ዓሣ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የስብሰባውን ነገር ያወራሁላቸው።

"ብቻህን አይሆንም አልህ? ምን አደረጉህ?"

"ሻይ ሰጡኝ። አንድ ወር ጠበቁኝ።"

መስመሩ ውስጥ እንደ ሐይቅ ንፋስ ያለ ነገር አፏጨ።

"ለአንድ ሰው?"

"ለአንድ ሰው።"

አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እዚህም ሐሙስ ስብሰባ አለ። መንደሩ እስካሁን አልተነሣም፤ ይኼ የመጨረሻው ስብሰባ ነው ብለዋል። እኔም ያልሰጠሁትን እሺታ ልመልስ ነው። ምን ትላለህ ልጄ?"

እዚያ በር ላይ ያለው ሻይ አይደለም፣ ጠመንጃ ነው ልላቸው ፈለግሁ። ይናገሩ አባ፣ እኔ ሲሰማ በዓይኔ አይቻለሁ ልላቸውም ፈለግሁ። ዝም አልሁ።

"እሺ ብለሃል ማለት ነው" አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

ይህን የምጽፍላችሁ ረቡዕ ነው።