ሰማንያ ቀን ማን ሰጣት?

ከቆቦ የወጣሁ ዕለት እናቴ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች እንጂ። «ጋቢው የታለ? ረሳሽው አይደል! ብርድ አገር ያለ ጋቢ የሚሄድ ማን አለ?» እያለች መነኸሪያ ድረስ ስትጨቀጭቀኝ፣ ሊሸኘኝ የወጣው ጎረቤት ጠብ ሊገላግል የወጣ ይመስል ነበር። ገና ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሙቀቱ ግን ከወዲሁ ጀርባዬን አርሶታል። ባሌ ሲሳይ ቀድሞኝ ጀርመን ገብቶ፣ ስንት ዓመት ከወረቀት ጋር ተናንቆ ነው የጠራኝ። ጎብዬ ላይ መኪናው ሲቆም በመስኮት የማሽላ እሸት ገዛሁና፣ አንድም ፍሬ ሳልቀምስ ወልድያ ድረስ አለቀስኩ።

እናቴ አንድ ሊትር ጸበል በሃይላንድ ሞልታ ሰጥታኝ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ «ፈሳሽ አያልፍም» አለኝ። «ጸበል እኮ ነው ወንድሜ!» ስለው ጠርሙሱን እያገላበጠ አሰበ። «እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ አልደፋውም። ጠጪው» አለ። ከኋላዬ ሰልፉ እያጉረመረመ አንድ ሊትሩን ቆሜ ጨለጥኩት። አውሮፓ የገባሁት እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው፤ እየተባረክሁ፣ ሽንት ቤት እየፈለግሁ።

የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ዝናቧ ግን ትንሽ አይደለም። የኛ ዝናብ ይመጣል፣ ጎርፉን ያወርዳል፣ ይሄዳል። የዚህ አገሩ እንደ ክፉ እንግዳ ተቀምጦ ይውላል። ሰዉ ሰላምታ ይቆጥባል፤ ሁሉም ነገር በ«ተርሚን» ነው፣ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። ሐኪም ለማየት ተርሚን፣ ጎረቤት ለመጠየቅ ተርሚን። ልጄ ብቻ ያለ ተርሚን መጣች። ሰባተኛውን ወር ሳልጨርስ ምጥ ያዘኝ፤ ወለድኳት፤ ሳላቅፋት ይዘዋት ሮጡ። ኪሎ አትሞላም።

ሙቀት ክፍል፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቧት። ሣጥኑ ላይ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ይላል። «ይሄ የቆቦ ሙቀት አይደል እንዴ! ታዲያ ምነው እዚያው በወለድኳት?» አልኩት ሲሳይን። እዚያ ያን ሁሉ ማሽን እንደማላገኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ንዴት ነው።

አለቃዬ ደግሞ ሁለት ሆነ። እናቴ በስልክ «አራስ ከቤት አይወጣም! ብርድ ይመታሻል! ገንፎ የሚያገነፋልሽ አለ?» ትለኛለች። ነርሷ ደግሞ «በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥተሽ ደረትሽ ላይ ታደርጊያታለሽ፤ የእናት ገላ መድኃኒት ነው» ትለኛለች። እናቴን እየዋሸሁ፣ ነርሷን እየታዘዝኩ፣ በዚያ ዝናብ ስመላለስ ሰነበትኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሙ ጠራን። ሳንባዋ ላይ ኢንፌክሽን ገብቷል፤ ይህን ሳምንት ካለፈች ተስፋ አለ። ይህን የተረጎመልኝ ሲሳይ ነው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ከራሴ አልወጣ አለኝ፤ ሳትጠመቅ ብትሞትስ? ያለ ክርስትና፣ ያለ ፍትሐት፣ በሰው አገር ልቀብራት ነው? ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን እንደሚጠመቁ እኔም አላጣሁትም። ለኔ ልጅ ግን ሰማንያ ቀን ማን ሰጣት?

ሆስፒታሉ አዘነልንና ቄስ ላከልን። ቄሷ ሴት ናት። ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን በአጭር ተቆርጣ፣ «ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ላጥምቃት» አለች። ሲሳይ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ደረሰ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ እጄን ይዛ አብራኝ አልቅሳለች። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ «እሺ በያት» ብሎኝ ነበር። ከማርያም ጋር ከተኳረፍን ሰንብተናል። አንቺም ወልደሻል፣ ምነው ዝም አልሽኝ እያልኩ ቤት ውስጥ ሥዕሏን ሳላያት አልፍ ነበር።

ሲሳይ ግን በባቡር አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ላሉት የኛ ቄስ ደወለ። «ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀን አይቆጠርም፤ መጣሁ» አሉ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ቄሱ እንደደረሱ በር ላይ ሌላ ጣጣ ተጀመረ። ዋናዋ ነርስ ቦርሳቸውን አስከፈተች። ሲሳይ በመሃል ቆሞ ያስተረጉማል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጧፍ።»

«እሳት? እዚህ? ኦክስጅን አለ እኮ! ይሄስ?»

«ጸበል።»

«ያልተመረመረ ውሃ አይገባም። ይህ ክር?»

«ማተብ ነው፤ አንገቷ ላይ የሚታሰር።»

«አንገቷ ላይ?» ብላ ባሌን እንደ ነፍሰ ገዳይ አየችው።

ቄሱ በተራቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አራስ ነሽ ልጄ፣ ውጭ ትቆያለሽ። የክርስትና እናቷ ማን ናት?»

«በዚህ ከተማ የማውቃት ኦርቶዶክስ የለችም አባቴ።»

«የሚቀበላት ሳይኖር እንዴት ይሆናል?»

ነርሷም ይህ ሲተረጎምላት ሁለት ጣት አወጣች። አባትና ቄስ፤ ሌላ የውጭ ሰው አይገባም፣ አለቀ።

ያኔ ደሜ ፈላ። «ኧረ በፈጠራችሁ! እሷ ከሁለት አይበልጥም ትላለች፣ እርስዎ ሦስተኛ አምጪ ይሉኛል፣ የወለድኳት እኔ ደግሞ ውጭ! ሥርዓታችሁን እስክትጨርሱ ልጄ ትቆያችኋለች?» ብዬ ጮህኩ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ክፋት የላቸውም፤ ይህን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆዳቸው ነው የመጡት።

ኮሪደሩን የምትወለውል ሴት መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። በየቀኑ አልፋት ነበር፤ በማስክ ተሸፍና አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። «ኣጆኺ» አለችኝ። ትግርኛዋን ሰምቼ ልቤ ዘለለ፤ ትግርኛ የሚነገርበት ዋጃ ገበያ እየተመላለስኩ ያደግሁ ሰው አይዞሽ መባልን አያጣውም። ለተብርሃን ትባላለች፣ ከድንበሩ ማዶ የሰንዓፈ ልጅ ናት። የቱታዋን አንገት ዝቅ አድርጋ ማተቧን አሳየችን።

«እኔ ልቀበላት» አለች። «ያንን ክፍል በየቀኑ የማጸዳው እኔ አይደለሁም እንዴ? ማን ፈቃድ ይጠይቀኛል?»

ሲሳይ ተረጎመ። ነርሷ የምትከለክልበት ሕግ አጣች። በኋላ፣ «እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢ» ብቻ አለቻት።

ውሃውን ነርሷ ራሷ ከታሸገ ጠርሙስ በስሪንጅ ቀዳች፤ ቄሱ ጸለዩበት። ሦስት ጠብታ። ሜሮኑ በጥጥ ጫፍ፣ እሱም ከብዙ ክርክር በኋላ። ማተቡ ሣጥኑ እጀታ ላይ ታሰረ። ቁርባኑ የመተንፈሻ ቱቦው ሲወጣላት ይደርሳል ተባለ። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ የለተብርሃን እጅ የልጄን ራስ ሲደግፍ አየሁ። ቀናሁ። አመሰገንኩ። ደግሞ ቀናሁ። ማርያምን ግን «ውለታሽን አልክድም፤ ልጄን ይዤ ቤቴ ሳልገባ ግን አልታረቅም» አልኳት።

ይኸው ሦስት ቀን ሆነ። ሐኪሙን ስጠይቀው «አለች» ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነግረኝ የለም። ትናንት ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ክርስትናዋን ከሲሳይ ሰምታ ኖሮ እናቴ ደወለች።

«የክርስትና ስሟ ማን ተባለ?»

«ወለተ ኪዳን።»

«እሰይ! እስቲ ድምጿን አሰሚኝ።»

«ድምፅ የላትም እማ። ቱቦው ጉሮሮዋ ውስጥ ነው። ስታለቅስ እኔም ሰምቻት አላውቅም።»

ከወዲያ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ስልኩን አስጠጊላት» አለችኝ።

«ለምን?»

«አስጠጊ ስልሽ!»

ድምፁን ከፍቼ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። እናቴ ከቆቦ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ነርሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ሁለተኛው እልልታ ተከተለ።

«ይበቃል! አሁኑኑ ዝጊው!» አለችኝ ነርሷ።

በተሰባበረ ጀርመንኛዬ መለስኩላት። «ለሴት ሦስት ነው። አንድ ይቀራል።»