ሰባቱ አባቶች በአጭሩ

እናቴ ነገር ስትጀምር ከየት እንደምትነሣ አይታወቅም ነበር። ጨው ማለቁን ልትነግረኝ ከሆነ፣ ጨው የገዛችበትን ቀን፣ በዚያ ቀን ገበያ ላይ ያገኘቻትን ሴት፣ የሴትዮዋን የታመመ ልጅ፣ ልጁን ጠበል ያደረሰውን ሰው አንድ በአንድ አልፋ ነው ጨው ላይ የምትደርሰው። ግን ትደርሳለች። መንገድ ስታ አታውቅም። ልጅ ሳለሁ ይህን እወድላት ነበር። ሞጣ ሄጄ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ግን ማፈር ጀመርሁ።

ሞጣ የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነበር። በዚያ ዓመት አማርኛ ያስተማረን ከአዲስ አበባ ለአንድ ዓመት የተላከ ወጣት ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ በሰው ፊት አቁሞ ያናግረን ነበር። ሰሌዳው ላይ መግቢያ፣ ዋና ሐሳብ፣ መደምደሚያ ብሎ ይጽፍና በዱላው ጫፍ ይነካካዋል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን አታወናጭፉ፤ የሚሰማችሁን ሰው ዓይን ዓይኑን እዩት፤ ለጉዳዩ የማይጠቅመውን ቁረጡ። በተለይ የመጨረሻዋን ይወዳት ነበር። አንዱ ተማሪ ስለ መንደሩ ሲናገር ወደ አያቱ ውሻ ሄደበት እንበል፤ መምህሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ቁረጥ!» ይላል። ክፍሉ ይስቃል።

በክፍሉ ውስጥ ሴቶች አራት ነበርን። መጀመሪያ የቆምሁ ቀን ድምፄ ከከንፈሬ አላለፈም። ከገና በኋላ ግን ቆሜ ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ተናገርሁ፤ ሦስት ነጥብ፣ ሦስቱም በቅደም ተከተል። ስጨርስ መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሮ «መናገር ማለት እንዲህ ነው» አለ። በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ ነገር አላገኘሁም።

እናቴ በዚያው ዓመት ቢቸና ፍርድ ቤት ትመላለስ ነበር። ከአባቷ የወረሰችው ስድስት ጥማድ መሬት ነበራት፤ ቤታችንም የተሠራው በዚያው ላይ ነው። አባቴ ሲሞት፣ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስምና፣ መሬቱን ለአንድ የአገር ሰው በእኩል ሰጠችው። ሰውዬው ዓመት ዓመት ከአውድማ ላይ ድርሻዋን ሲሰፍርላት ኖረ። አንድ ዓመት ላይ ግን ሳይሰፍር ቀረ። ስትጠይቀው፣ መሬቱ የእሱ አባቶች ርስት እንደሆነ፣ የእሷ አባት ግን ተጠግቶ ይኖር የነበረ እንግዳ እንጂ ከአቅኚው የሚወለድ እንዳልሆነ ነገራት።

እንዲህ ያለው ክርክር የሚያልቀው ዘር በመቁጠር ነው። እናቴ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ጀምራ እስከ ራሷ አባት ድረስ ሰባቱን አባቶች በዳኞች ፊት ቆጥራ መውረድ ነበረባት። አብረዋት ሊቆጥሩ የሚችሉት ሁለት ሽማግሌዎች ሞተዋል። ከቆጠረች መሬቱም ቤቱም ይጸናላታል። ካልቆጠረች ከሁለቱም ትነሣለች።

ለፋሲካ ዕረፍት በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ቢቸና ወረድሁ፤ ከዚያ በእግሬ ቤት ደረስሁ። ሰላምታውን እንደጨረስን እናቴ የቀጠሮውን ነገር አነሣችው።

«ባለፈው ጀምሬ ሳልጨርስ የመሃል ዳኛው አቋረጠኝ። ሴትዮ፣ አሳጥረሽ ነይ ብሎ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ቀጠረኝ» አለች። ቀጥላም «እንዴት ነው የሚያጥረው?» አለችኝ።

«እኔ አሳይሻለሁ፣ እማ» አልኋት።

«አንቺ ብትናገሪልኝስ?»

«ዕድሜዬ አልደረሰም፤ አይፈቅዱልኝም።»

«እንግዲያው አሳይኝ። አንቺ ተምረሻል።»

እርሳስና ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁና እንድትቆጥር ነገርኋት። ምስር ጥዳ ነበር፤ ምስሩ በስሎ ከወጣም በኋላ አልጨረሰችም። አቅኚው ከየት እንደመጣ፣ የመጀመሪያውን እሳት የት ጉብታ ላይ እንዳነደደ፣ ሚስቱን ማን እንደሰጠው ነገረችኝ። አንዱን አባት በቅሎ ጥላው ገደል ገባ፤ በቅሎዋ ግን ብቻዋን ቤት ተመለሰች። አንዱ ልጁን በእቅፍ ትቶ መነነ። አራተኛው አባት ዘንድ ስትደርስ ግራ እጇን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሰውዬው ግራ እጁ ሽባ ነበር። እጇን ሳታወጣ ስለ እሱ ተናገረች፤ ሲያልቅ አወጣችውና ወደ አምስተኛው አለፈች። የተቀሩትንም በጣቶቿ አንጓ ላይ በአውራ ጣቷ እየነካች ነበር የምታወርዳቸው።

እኔ ሁሉንም ጻፍሁ። ከዚያ መሰረዝ ያዝሁ። እሳቱን ሰረዝሁ፣ ሚስቲቱን ሰረዝሁ፣ ገደሉን ሰረዝሁ። ሲያልቅ በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ ሰባት ስም ቀረ። የመጀመሪያውን ወረቀት እሳት ማያያዣ አደረግነው።

«እማ፣ እንግዲህ ይኸው ነው። ሰባት ስም።»

«በቅሎዋስ?»

«ዳኛው በቅሎዋን ምን ያደርጋታል?»

«በቅሎዋን ካልጠራሁ እሱ አይመጣልኝም» አለች።

«ይመጣልሻል። ሰባት ብቻ ናቸው።»

በየቀኑ ጓሮ ውስጥ አቆማት ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ እንድታሳርፍ አደረግሁ። እጇ ሲነሣ «እጅሽ» እላለሁ፤ ታወርደዋለች። ወደ ሌላ ነገር ስትሄድብኝ፣ አንድ ቀን ሳላስበው «ቁረጪ!» አልኋት። ደንግጣ አየችኝ፤ ግን ቆረጠችው።

«ደግሞ መሬት መሬት አትዪ። ዳኛውን ዓይን ዓይኑን እዪው» አልኋት።

«ዓይን ዓይኑን? ልትድሪኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልታሟግቺኝ?»

ሁለታችንም ሳቅን። አብረን እንዲያ ስንስቅ ያ የመጨረሻው ነበር።

በቀጠሮው ዋዜማ መዝገቡ መኖሩን ልንጠይቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ከግቢው በር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴን ያውቋታል። እስቲ ነገርሽን አሰሚኝ አሏት። ቆማ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰባቱን ስሞች አለቻቸው። ሳትሳሳት አለቻቸው። እኔ ደስ አለኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ያስጠናሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ባለፈው ቀጠሮ አዳራሹ ውስጥ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ይረዝማል፤ ግን አንድም ቀዳዳ የለበትም። ተያት፤ እንደለመደችው ትናገር።»

«ዳኛው አሳጥሪ ብለዋታል እኮ።»

«ዳኛ መቼም አሳጥሪ ይላል። ምሳ አለበት» አሉኝ።

«እኛ ትምህርት ቤት የምንማረው እንዲህ ነው» አልኋቸው። ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ። እናቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየችና ከእኔ ጋር መጣች።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ባላጋራችን ካፖርቱን ደርቦ ከፊት ቆሟል። እኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርሁ። የመሃል ዳኛው «ተናገሪ» አላት።

አጀማመሯ እንዳስተማርኋት ነበር። መሬቱ የአባቶቼ ርስት ነው፣ እኔም ከአቅኚው ስምንተኛ ነኝ አለች፤ አጭርና ግልጽ። ከዚያ ቀና ብላ ዳኛውን ዓይኑን አየችው። የመሃል ዳኛው መዝገብ እየገለጠ ነበር፤ አላየም። ያየው የቀኝ ዳኛው ነው።

«ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጥጪው?» አላት።

ዓይኗ ወዲያው ወረደ። መቁጠር ጀመረች። አንደኛውን ጠራች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ትንሽ ተነሣ። ከኋላ ሆኜ አየሁት። ነጠላዋ ጋ ሳይደርስ አስታወሰችና መለሰችው። ከዚያ አምስተኛውን ጠራች። ስድስተኛውን፤ ሰባተኛውን።

«ይመዝገብልኝ፣ ጌታዬ! አንድ አባት ዘላለች!» አለ ባላጋራችን።

የመሃል ዳኛው በጣቶቹ ቆጠረ። «ስድስት ነው የጠራሽው። ድገሚው።»

ደገመችው። ከሦስተኛው ላይ ቆመች። እጇ አልተነሣም፤ አሁን ሁለቱንም ጭኗ ላይ ተጭናቸው ነበር። አምስተኛውን ጠራች።

ያን ጊዜ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም አፌን አንቀሳቀስሁ። ድምፅ አላወጣሁም፤ ስሙን ግን በከንፈሬ አልሁት። ሰውዬው አብሯት ዞሮ ነበር።

«ጌታዬ፣ እዩልኝ! ልጅቷ ከኋላ እያቀበለቻት ነው! ሌላው አባቶቹን ከአባቱ ይማራል፤ እሷ ከተማሪ ቤት አመጣቻቸው!»

አዳራሹ ሳቀ። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። በሩ ሲዘጋ ዳኛው ለሦስተኛ ጊዜ ድገሚ ሲላት ሰማሁ። የእሷን ድምፅ አልሰማሁም።

ስትወጣ ነጠላዋን አስተካክላ «ውሃ አለ?» አለችኝ። አልያዝሁም ነበር። ሽማግሌው ከቅላቸው ሰጧት።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ሄድን። ከተማውን እንደወጣን መናገር ጀመረች፤ ለእኔ አልነበረም፤ ዞር አላለችም። እሳቱን ስታነድድ፣ ሚስቲቱን ስትድር፣ በቅሎዋን ስትመልስ እጆቿ ይሄዱ ነበር። ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ አወጣች። ሰባቱም አንድ ሳይጎድል ወረዱ። ነፋስ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ አልሰማሁትም። ቀርቤ ልስማ ብዬ አልደፈርሁም። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ አበቃች።

ፍርዱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። የማታውቀውን ዘር አጥንታ ቀርባለች ተባለ። ሽማግሌው ደብረ ማርቆስ ይግባኝ ትል ዘንድ ማመልከቻውን በነጻ ልጻፍልሽ አሏት። «በምን አፌ?» አለቻቸው። ክረምት ሳይገባ ቤቱን ለቃ ሞጣ መጣች፤ አክስቴ ቤት እኔ ከምተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ መደብ ተለቀቀላት።

እኔን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እንዲያ ብታደርግ ይሻል እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ብቻ ጨው ሲያልቅ «ጨው አልቋል» ትላለች። ገበያ ውላ ያየችውን ስጠይቃት «ደህና ነው» ትላለች። አክስቴ በእናት እህቷ ስለሆነች ይህን አስተውላ፣ «ምነው፣ ምላስሽን ቢቸና ጣልሽው?» ብላ ልታስቃት ትሞክር ነበር። እናቴ ፈገግ ትልላታለች። መምህሩም ዓመቱ አልቆ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ስሰናበተው መናገርን እንዳልተወው አደራ አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው፣ ከቢቸና በኩል አንድ ዘመድ ሰው እኛን ፈልጎ መጣ። ወንድ ልጁን ሊድር ነው፤ የልጅቷ ቤተሰብ በእኛ በኩል ይዛመደናል ወይስ አይዛመደንም የሚለውን ማጣራት አለበት። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተዛመዱ ጋብቻው ይቀራል። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰውዬው ተቀምጦ ነገሩን በዝግታ ካስረዳት በኋላ፣ «እንግዲህ ከአንቺ በቀር የሚቆጥር አልቀረም። እስቲ ከላይ ጀምረሽ አውርጂልኝ» አላት።

«እሷን ጠይቃት፤ ጽፋ ይዛዋለች» አለች፤ ቀና ሳትል።

ወረቀቱ ደብተሬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ቆሜ አነበብሁለት። ሰባቱ ስሞች ወዲያው አለቁ። ሰውዬው የሚቀጥል መስሎት ትንሽ ጠበቀ።

«ጥሩ» አለ። «በእነሱ በኩል የሚሉት፣ እናታቸው የምትወለደው በቅሎ ከጣለችው ሰውዬ ነው። የትኛው ነው እሱ?»

ወረቀቱን አየሁት። አቅኚው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አራተኛው እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ አምስተኛውም ሊሆን ይችላል። አላውቅም አልሁት።

ሁለታችንም ወደ እናቴ ዞርን። ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አወጣች፤ አየቻትና ከጎኗ አስቀመጠቻት። እጇ ወደ ሰፌዱ ተመለሰ። ሰውዬው ጥቂት ጠብቆ ባርኔጣውን አነሣ፤ እኔም እስከ በር ሸኘሁት።