የማይሉ ዋዜማ

ዛሬም ዳገት ፈጠን ብዬ ስወጣ ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣብኛል። ያኔ ቆም እላለሁ። የሚያየኝ ሰው የደከመኝ ይመስለዋል። ድካምስ አይደለም።

ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ልጃገረዶች አብረን እንሮጥ ነበር፤ እኔና ጓደኛዬ። ማለዳ ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይቀልጥ፣ በጋፋት መንገድ እንወጣለን። እኔ ፈጣን ነበርኩ። እሷ ግን ድካም የሚባል አታውቅም፤ እኔ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ እሷ ስለ ገብሱ አዝመራ ታወራኛለች።

አሰልጣኛችን «የማይል ሰዓታችሁን አሳዩኝ፤ የማራቶናችሁን እነግራችኋለሁ» ማለት ይወድ ነበር። ማይል በእኛ የአፈር ሜዳ አራት ዙር ከትንሽ ነው። ማይልን በፍጥነት የምትሮጥ ልጅ የማራቶን ፍጥነት ይቀላታል፤ ፍጥነት የሌላት ትንፋሽ ቢኖራትም ወደ ኋላ ትቀራለች ይለናል። እውነት ነበረው፤ ግማሽ እውነት።

አንድ ቀን ከሰዓት ሜዳው ዳር ብቻዬን አገኘኝ። ባሕር ዳር ያለ ክለብ ለማራቶን አንዲት ልጅ ይፈልጋል አለኝ። «ነገ ጠዋት ማይል አስሮጣችኋለሁ። የቀደመችውን እልካለሁ። ለጓደኛሽም ንገሪያት፤ ዛሬ እረፉ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን እሷ በማይልም ደርሳብኝ ነበር፤ ትንፋሿን ትከሻዬ ላይ እሰማው ጀምሬያለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መጣች። «ሩቁን መንገድ እንሩጥ?» አለችኝ።

«እኔ እግሬን አሞኛል። አንቺ ሂጂ።»

ሄደች። ባሕር ዛፎቹ እስኪሸፍኗት ድረስ ቆሜ አየኋት። ልጠራት እችል ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ተመለሰች። «ዛሬስ ክንፍ አውጥቼ ነበር!»

በማግስቱ ሦስቱን ዙር ከጀርባዬ አልተለየችም። በአራተኛው የእግሯ ኮቴ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ስጨርስ አፌ ብረት ብረት ይላል። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና፣ «በዚህ ሰዓት ማራቶን አይታሰብም፣ ልጄ» አላት። ትናንት ሩቅ ሮጫለሁ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። አቅፋ ሳመችኝ፤ «እግሬ ድንጋይ ሆነብኝ፤ እንኳን አንቺ ሆንሽ» አለችኝ።

ክለቡ ገባሁ። ሁለት ማራቶን ሮጥኩ። ሁለቱም ላይ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር ሳልፍ እግሬ ከዳኝ፤ በማይል አጠገቤ የማይደርሱ ሴቶች አንድ በአንድ አለፉኝ። የእያንዳንዷ ጀርባ የእሷን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሩጫውን ተውኩት፤ አሁን ስፖርት አስተምራለሁ።

አምና አንበሳሜ ገበያ መሀል ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ። እሷ ናት፤ ከባሏ ጋር ሽንኩርት ትሸጣለች። ተሳሳምን፣ ተላቀስን። ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ይችውልህ የምነግርህ! ከስንቷ ጋር ሮጫለሁ፤ በእውነት የበለጠችኝ እሷ ብቻ ናት» አለችው።

ባሏ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ስምሽን ሳታነሳ ውላ አታውቅም» አለኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ዘንቢሌን ከእጄ ወስዳ፣ ጥሩ ጥሩውን ሽንኩርት እየመረጠች ትሞላልኝ ጀምራለች።

«ይበቃል» ብቻ አልኳት።